አሰልጣኙ ወይስ አሳላፊው?

የተከበራችሁ የስፖርት ጋዜጠኞችና የሬዲዮ አዘጋጆች፣ የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ የደጋፊ ማኅበር ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ ደግሞ ስልካችሁን ደግናችሁ የቆማችሁ ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ከፒያሳ እስከዚህ ያደረሰኝ የባጃጅ ልጅ «አባባ፣ ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ስለ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኞች ንግግር አለብኝ» አልኩት። በመስታወቱ አየኝና «የትኛውን ሊሰድቡልን ነው?» አለኝ። ሊሰድቡ አላለም፤ ሊሰድቡልን ነው ያለው። ውኃ ቅዱልን፣ እንጨት ፍለጡልን እንደሚባለው። ልጁ ላይ አልፈርድም። እኔ ራሴ ለዚሁ አገልግሎት ደመወዝ ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጎንደር ነው። ኳስ ማየት የጀመርኩት የስታዲየሙ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ነው። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የስፖርት ጋዜጣ እሠራ ነበር። ዘገባውን ሌላ ሰው ይጽፋል፣ ፎቶውን ሌላ ሰው ያነሳል፤ ርዕስ ማውጣት ግን የኔ ድርሻ ነበር። ጋዜጣ አዟሪ ገጹን ዘርግቶ ሲሮጥ የሚያሳየው ርዕሱን ነው። አራት ኪሎ ደረጃ ላይ ተቀምጦ በኪራይ የሚያነበው ሰው እንኳ መጀመሪያ የሚመርጠው በርዕሱ ነው። ስለዚህ ሰኞ ማታ ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ እርሳሴን ይዤ እቀራለሁ።

ጎንደር ላይ ቆሞ ስለ ስድብ ማውራት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ አገሩ የአዝማሪ አገር ነውና። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊትህ ይቆማል። ጫማህን ያያል፣ ቦርጭህን ያያል፣ አብራህ የተቀመጠችውን ያያል፣ ከዚያ ሁለት ስንኝ ይወረውርብሃል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አንተም ትስቃለህ፤ ካልተመቸህ ደግሞ «ተቀበል!» ብለህ መልስህን ታቀብለዋለህ። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፤ የሰደበህ ሰው በዚያው አፉ፣ በዚያው ማሲንቆ፣ የአንተን መልስ ይዘፍንልሃል። ገንዘቡን ግንባሩ ላይ ለጥፈህለት ትለያያላችሁ። እኔ ሰኞ ማታ ስጽፍ ግን የምጽፍበት ሰው ፊቴ አልነበረም። «ተቀበል» የሚልበት መንገድም አልነበረውም።

አሁን ወደ እንግሊዞች ልውሰዳችሁ፤ በዚህ ሙያ ጌቶቹ እነሱ ናቸውና።

የፈረንጆቹን ታሪክ በፈረንጆቹ ዓመት ልቁጠርላችሁ። ጁን 17 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በአውሮፓ ዋንጫ አስተናጋጇን ስዊድንን ገጥሞ 2 ለ 1 ተሸነፈና ከውድድሩ ወጣ። አሰልጣኙ ግራሃም ቴይለር ነበር። ዘ ሰን የተባለው ታብሎይድ፣ ማለትም በጩኸት ርዕስ የሚሸጥ ጋዜጣ፣ «ስዊዶች 2፣ ተርኒፖች 1» ብሎ ወጣ። ይህን ርዕስ ለመረዳት የቅኔ ጆሮ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ «ስዊድ» ማለት የስዊድን ሰው ማለት ነው። «ስዊድ» ደግሞ ከጎመን ወገን የሆነ፣ ከመሬት የሚነቀል ሥራ ሥርም ነው። ተርኒፕ የዚያው የቅርብ ዘመድ ነው። ሰሙ የአትክልት ገበያ፣ ወርቁ የጨዋታ ውጤት፣ ህብረ ቃሉ «ስዊድ»። ጸሐፊው ቅኔ ቤት ተምሮ ቢሆን ኖሮ መምህሩ «ይበል!» ይሉት ነበር። እኔም በሙያዬ ይበል ብያለሁ፤ እዚህ ላይ አልዋሻችሁም።

ጋዜጣው በዚያ አላበቃም። የአሰልጣኙን ፎቶ ከተርኒፑ ጋር አዋሃደው። ሰውየው ራሱ የሥራ ሥር ሆነ። በዚያው ዓመት ቡድኑ በስፔን ሲሸነፍ ቴይለር ሽንኩርት ተደረገ። በ1993 በአሜሪካ 2 ለ 0 ሲሸነፍ ደግሞ አሜሪካውያንን ከሳንቃ ጋር ቤት የሚያስመታ ርዕስ ወጣለት፤ ሳንቃዎቹ እንግሊዞቹ መሆናቸው ነው። በዚያ ዓመት ኖቬምበር፣ ለ1994 የዓለም ዋንጫ ሳያልፉ ሲቀሩ፣ ሥራውን ለቀቀ።

እስቲ ወደ ስዊድኑ ጨዋታ እንመለስ። ውጤቱ 1 ለ 1 ሆኖ ሳለ ቴይለር አምበሉን ጋሪ ሊኒከርን አስወጥቶ አለን ስሚዝን አስገባ። ሊኒከር 48 ጎል ነበረው፤ የቦቢ ቻርልተንን የ49 ጎል ክብረ ወሰን ለመድረስ አንድ ብቻ ቀርቶታል፤ ለብሔራዊ ቡድን ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ጎል ሲያስፈልግ ጎል አግቢ ለምን ይወጣል? ይህ ጥያቄ ነው። አሰልጣኙን ወንበር ላይ አስቀምጦ ላብ በላብ የሚያደርግ ጥያቄ ነው። ቡድኑ ከዚያ በፊት ከዴንማርክም ከፈረንሳይም 0 ለ 0 ወጥቶ ነበር። ዴንማርክ ደግሞ በዩጎዝላቪያ ቦታ በመጨረሻ ሰዓት ተጠርታ የመጣች አገር ናት፤ ዋንጫውን ይዛ ሄደች። ለእንግሊዝ ጋዜጠኛ እዚህ ውስጥ የአንድ ወር ሥራ ነበረ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰው የሚያስታውሰው ግን ተርኒፑን ነው።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁና ከቴይለር እንለፍ። ይህ ሰው ዋትፎርድ የተባለውን ትንሽ ክለብ ከአራተኛ ዲቪዚዮን አንስቶ አንደኛ ዲቪዚዮን ያስገባ፣ በ1983 ከሊቨርፑል ቀጥሎ ሁለተኛ ያደረገ፣ በ1984 ለኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ያደረሰ አሰልጣኝ ነው። አባቱ ደግሞ ምን ነበሩ መሰላችሁ? ስከንቶርፕ በምትባል ከተማ ጋዜጣ ላይ የስፖርት ዘጋቢ ነበሩ። የኛ ልጅ ነበር ማለት ነው። በ2017 ሲሞት በየዜና ዕረፍቱ ውስጥ ያ አትክልት አብሮት ተነሳ።

ከእሱ በፊት የነበረውን ቦቢ ሮብሰንን በ1988 ከሳዑዲ አረቢያ ጋር 1 ለ 1 ስለወጣ አንድ ጋዜጣ የፈጣሪን ስም ጠርቶ «ሂድልን» አለው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው ሰው እንግሊዝን ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አደረሰ፤ በኋላም «ሰር» ተባለ። ፈረንሳይ ውስጥ የብሔራዊ ቡድኑን አሰልጣኝ ኤሜ ዣኬን ሌኪፕ የተባለው የስፖርት ጋዜጣ ከ1998ቱ የዓለም ዋንጫ በፊት ወራት ሙሉ ሲያጣጥለው ከርሞ፣ ዣኬ ብራዚልን 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ ካነሳ በኋላ «ይቅር አልላቸውም» አለ። የእንግሊዝን አሰልጣኝ ስቬን ጎራን ኤሪክሰንን በ2006 ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ ጋዜጣ የአረብ ሼክ መስሎ በቀረበ ዘጋቢ አታልሎ አናገረው። ያ ጋዜጣ ከ168 ዓመት ዕድሜ በኋላ በ2011 ተዘጋ፤ የተዘጋው ግን በሌላ ጉድ፣ በስልክ ጠለፋ ነው።

ሮይ ሆጅሰን ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። በ2012 የእንግሊዝ አሰልጣኝ ሆኖ ሲሾም ዘ ሰን ጋዜጣ አነጋገሩ ላይ ቀለደ። ሰውየው «ረ»ን አጥርቶ አይጠራም፤ ጋዜጣው የፊት ገጹን ርዕስ በሱ አንደበት ጻፈው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ቅሬታውን አሰማ። ሆጅሰን ስዊድንንና ጣሊያንን ጨምሮ በብዙ አገር ያሠለጠነ፣ በብዙ ቋንቋ የሚግባባ ሰው ነው። አንድም ኳስ ሳይመታ፣ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ተሰደበ።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። አማርኛው የሚሰበርበትን አሰልጣኝ ቃለ መጠይቅ ቆርጠን ስንት ጊዜ ተሳስቀንበታል? ብሔራዊ ቡድናችንን ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች ያሠለጥኑታል፤ ሁሉም በእናቱ አፍ አማርኛ አልለመደም። እኛ ጋ ቀልዱ ከምላስ ተነስቶ መንደር ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ከየት ነው የመጣው? የማን ወገን ነው? የተጫዋች ዝርዝር ሲወጣስ ምን እናደርጋለን? ከመቀመጫ ተነስታችሁ አትክዱኝ፤ እዚህ አዳራሽ ያለነው ሁሉ ጣታችንን አውጥተን ከከተማችን ክለብ ከፋሲል ስንት ተጠራ ብለን እንቆጥራለን። እኔም እቆጥራለሁ፤ ትናንት እንኳ በዚህ ከልጄ ጋር ተጣልቻለሁ። ሦስት ከሆነ አሰልጣኙ ያውቃል፤ አንድ ከሆነ ጠላታችን ነው። ሌላውም ከተማ በየፊናው የራሱን ይቆጥራል። ድምሩ ሲወጣ በአገሪቱ ጠላት ያልሆነ አሰልጣኝ የለም።

ውበቱ አባተን ጎንደር ታውቃቸዋለች፤ ፋሲል ከነማን አሠልጥነዋል። ብሔራዊ ቡድኑን ይዘው፣ አሁን በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ጥር 2014 ካሜሩን ለአፍሪካ ዋንጫ ሄዱ። ሰኔ 2014 ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። የት? በሜዳችን። ሜዳችን የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ የካፍን፣ መስፈርት ስላላሟሉ ባለሜዳ ሆነን በሰው አገር ተጫወትን። አሁን አስቡት፤ ያን ዕለት ቢሸነፉ ኖሮ ርዕሱ ስለ ማን ይሆን ነበር? ስለ ስታዲየም ነው ወይስ ስለ ውበቱ? መልሱን እኔም እናንተም እናውቀዋለን። ኮንክሪት አይሰደብም፤ ብትሰድበውም ፊቱ አይቀላም፣ ስለዚህ አይሸጥም።

ሰውነት ቢሻውንም አንሱ። ጥር 2005 ከ31 ዓመት በኋላ አገሪቱን ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁ አሰልጣኝ ናቸው። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን አሸንፈን፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች ስለተሰለፈ ሦስት ነጥብ በፎርፌ ተወሰደብን። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አምኗል። እንደ ጋዜጠኛ እዚህ ላይ የሚጠየቀው ቀላል ነገር ነው። የካርድ መዝገብ የሚይዘው ማን ነው? መዝገቡ ከጨዋታ በፊት በማን እጅ ያልፋል? አሰልጣኙ፣ የቡድን መሪው፣ ጽሕፈት ቤቱ፤ ማን ለማን ነው የሚያሳውቀው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ አሥር ደቂቃ አይወስድም። እኔ በዚያ ሰሞን ሬዲዮ ከፍቼ ያሳለፍኩት ግን በአብዛኛው ሰውየው ከሥራ ስለሚሰናበቱበት ቀን ሲወራ ነው። ቡድኑ ግን ነጥቡን ተነጥቆም ለመጨረሻው ማጣሪያ አለፈ፤ በናይጄሪያ በድምር 4 ለ 1 ቀረ። በጥር 2006 በቻን፣ በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የአፍሪካ ዋንጫ፣ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ጎል ተሸነፈና ሰውነት ተሰናበቱ። ስንብቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ብንከራከርበት ደስ ይለኛል፤ ክርክር ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ አሰልጣኝ አይነካ ልትለን ነው?» ትሉ ይሆናል። ይነካ እንጂ! ቅያሪው ይነካ፣ አሰላለፉ ይነካ፣ ለምን አራት ተከላካይ ትቶ በሦስት እንደገባ ይጠየቅ፣ ያልጠራው ተጫዋች ስም ሳይቀር ይጠየቅ። ጨክናችሁ ጠይቁ። እንዲያውም የኔ ቅሬታ ተሳዳቢ ጋዜጠኛ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሰነፍ ስለሆነ ነው። ስድብ ስልክ አያስደውልም። መዝገብ አያስገልጥም። ሻይ ቤት ተቀምጠህ ትጨርሰዋለህ።

ታብሎይድ እኛ አገር የለም የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ወረቀቱ የለም፤ እውነት ነው፤ የስፖርት ጋዜጦቻችንም አንድ በአንድ ጠፍተዋል። ግን ታምኔል የምትሉት፣ ቪዲዮው ሳይከፈት ፊቱ ላይ የሚለጠፈው ምስል፣ ምንድን ነው? የአሰልጣኙ ፊት በቀይ ቀስት ተከቦ፣ አፉ ተከፍቶ፣ «ጉዱ ወጣ» ተጽፎበት። ከኋላ የቆማችሁት ልጆች፣ እየሳቃችሁ ነው፤ ገባችሁ ማለት ነው። ዘ ሰን በዚያ ዘመን በቀን ከሦስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ የሚሸጠው በርዕስ ጉልበት ነበር፤ ያን ጉልበት ዛሬ አንድ የአዘዞ ልጅ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ልዩነቱ ዘ ሰን አርታኢ ነበረው፤ ያውም አላዳነውም።

አሁን የራሴን ዕዳ ልክፈል።

አንድ የክለብ አሰልጣኝ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ክለቡንም አልጠራም። ከሜዳው ውጭ ሄዶ 5 ለ 0 ተሸነፈ። ዘጋቢያችን ዘገባውን በስልክ አስተላልፎ፣ አንድ ልጅ በእጁ ገልብጦ፣ ወረቀቱ ሰኞ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። አነበብኩት። ከዚያ እርሳሴን አነሳሁና «አሰልጣኙ ወይስ አሳላፊው?» ብዬ ጻፍኩ። አሳላፊ፣ በሠርግ ቤት ወጡንና ጠላውን የሚያዞረው ሰው ነው። አሳላፊ፣ ኳስ የሚያሳልፍም ነው። ሰሙ ድግስ፣ ወርቁ አምስት ጎል። ተርኒፕ ከጻፈው ሰውዬ በምን አንሳለሁ? ወንበሬ ላይ ተደግፌ ብቻዬን ስስቅ ዘበኛው በሩን ከፍቶ አይቶኛል።

ርዕሱ በትልቅ ፊደል ሲወጣ ቦታ ጠበበ። ወይ ፊደሉን ማሳነስ፣ ወይ ዘገባውን ማሳጠር ነበረብኝ። ፊደሉን አላሳነስኩም። ከዘገባው ግርጌ የመጨረሻዎቹን መስመሮች በቀይ ቢክ ሰረዝኳቸው።

ማክሰኞ ጋዜጣው ከሰዓት በፊት አለቀ። ዋና አዘጋጁ ምሳ ጋበዘኝ። ሰውየውን ደግሞ ሰፈሩ ያሉ ጎረምሶች ግሮሰሪ በር ላይ ሆነው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ይዞ ሲያልፍ፣ «አሳላፊ! ሁለት ጃምቦ!» ይሉት ጀመር። ይህን የሰማሁት ከራሱ ከልጁ ነው፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። አባቱ መንገድ ቀየረ። ቀጥሎ ሰፈር ቀየረ። በመጨረሻ ሥራም ቀየረ።

ከስምንት ዓመት በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ እሱ የዕድሩ ተረኛ ሆኖ ትሪ ይዞ ንፍሮ ያዞራል። ፊቴ ሲደርስ አወቀኝ። ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ውሰድ እንጂ፤ አሳላፊው ነኝ» አለኝ። እፍኜን ዘረጋሁ። ሌላ ምን ላደርግ? አዝማሪ ቢሆን ኖሮ «ተቀበል» ብሎኝ አለፈ ትሉ ነበር።

ያን ጋዜጣ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። የዘጋቢያችንንም የእጅ ጽሑፍ፣ ቀዩ ሰረዝ ያለበትን፣ ሳልጥለው ቆይቻለሁ። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም። ሁለቱንም የቡና ዕረፍት ስንወጣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፤ እያገላበጣችሁ እዩ። አሁን የሰረዝኳቸውን መስመሮች ብቻ ላንብብላችሁና ልውረድ። መነጽሬን ላድርግ።

«ቡድኑን የጫነው አውቶቡስ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተበላሽቶ መንገድ ላይ አድሯል። ተጫዋቾቹ ያደሩት ወንበር ላይ ነው። ከተማ የደረሱት እሁድ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀምሯል። ተጠባባቂው በረኛ መታወቂያው ቢሮ ተረስቶ ስለቀረ አልተመዘገበም። አሰልጣኙ ጨዋታው በአንድ ቀን እንዲራዘም በጽሑፍ ጠይቆ ፈቃድ አላገኘም። የደብዳቤው ቅጂ በእጃችን ይገኛል።»

አመሰግናለሁ።